ፋይል የሞላበት ሁሉ የአንባቢ ማኅበር አይደለም
ስለ ኦንላይን የመጻሕፍት ቡድኖች ሰባት ተረቶችና እውነታቸው

ቴሌግራም ላይ «መጻሕፍት» ብሎ የፈለገ ሰው የቡድንና የቻናል መዓት ይመጣለታል። አንዱ ልብ ወለድ ያነባል፣ ሌላው ታሪክ፣ ሌላው ፍልስፍና፤ አንዳንዱ ደግሞ ስሙ እንጂ ንባቡ የለም። የአዲስ አበባው አንባቢ ከጎንደሩ፣ የጎንደሩ ከሜሪላንዱና ከዱባዩ ጋር በአንድ ምዕራፍ ላይ የሚከራከረው በእነዚህ ቡድኖች ነው። ይሁንና ለመግባት የሚያመነታው ብዙ ነው፤ ገብቶ ያልጠበቀውን አይቶ የሚወጣውም አያንስም። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር አባባል ነው። በብዛት የሚሰሙትን ሰባቱን እንይ።

ተረት 1፦ «ንባብ የብቻ ነው፤ ማኅበር ምን ያደርጋል?»

እውነታ፦ በአገራችን ንባብ የብቻ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስንክሳር በቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ለምእመናን በድምፅ ይነበባል። ፊደል የቆጠረ የመንደር ልጅ የጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ አንባቢ ነበር። ሬዲዮ ሲመጣ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርክ፣ መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ያወጋ ጀመር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ የተረፈው ቅጂ በውሰት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዋሽም ተዋሽም ስለ መጽሐፉ የሚያወራው ሰው አገኘ ማለት ነው።

በአዳራሽ ተሰብስቦ መወያየትም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። ሚዩዚክ ሜይዴይ የተባለው ድርጅት በወመዘክር (በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አዳራሽ መጽሐፍ እየመረጠ አንባቢን ሲያወያይ ቆይቷል። ስልኩ ያመጣው ለውጥ አዳራሹ ድረስ መምጣት የማይችለውን፣ ደሴና ጅዳ ያለውን ሰው መጨመሩ ነው።

ለብቻ የሚነበበው ገጹ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉትን ፊታውራሪ መሸሻን አንዱ ጨካኝ ባላባት ብቻ አድርጎ ያያቸዋል፤ ሌላው የገዛ ክብራቸው እስረኛ ናቸው ብሎ ያዝንላቸዋል፤ ሦስተኛው ይስቅባቸዋል። ሦስቱ ሲከራከሩ እያንዳንዱ ማስረጃ ፍለጋ ወደ መጽሐፉ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ንባብ ያመለጠውንም ያገኛል። ደህና ቡድን ለአባሉ የሚያተርፍለት ይህንን ሁለተኛ ንባብ ነው።

ተረት 2፦ «የመጻሕፍት ቡድን ማለት ፒዲኤፍ በነፃ የሚገኝበት ነው»

እውነታ፦ ከሰባቱ ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ነው። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በአንዴ ያስተላልፋል፤ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ የተነሳ ልብ ወለድ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ዛሬ መደብር የገባ መጽሐፍ ነገ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል። መቅዳት መቅለሉ ግን ድርጊቱን ሕጋዊ አያደርገውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የማባዛትና የማሰራጨትን መብት ለደራሲው ይሰጣል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህን መብት ሆን ብሎ መጣስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የጥበቃ ዘመኑ ሒሳብ ከባድ አይደለም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ የሥራዎቻቸው መብት እስከ 2046 ዓ.ም. ገደማ ይጠበቃል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን በስደት እንግሊዝ አገር ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ በሕይወት ሳሉ ያሳተሟቸው እንደ «ወዳጄ ልቤ» ያሉ መጻሕፍት 50 ዓመቱን ካለፉ ቆይተዋል። «ከገበያ ጠፍቷል»፣ «ዋጋው አይቀመስም»፣ «ሌላም ሰው ለጥፎታል» የሚሉት ምክንያቶች ይህን የጊዜ ገደብ አያሳጥሩትም።

«ለደራሲው ማስታወቂያ ነው» የሚል መከራከሪያም አለ። ብዙ የአማርኛ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ወይም በብድር ነው፤ የማተሚያ ቤቱን ዕዳ የሚከፍለው ደግሞ ከሽያጩ ነው። በነፃ የዞረው ፋይል ስሙን ቢያስጠራለትም ዕዳውን አይከፍልለትም፤ ዕዳው ካልተከፈለ ሁለተኛው መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሺህ ፋይል በመለጠፍ «መጽሐፍ ወዳድ» የተባለውን ሰው አበው የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉታል።

ታዲያ ምን ማጋራት ይቻላል? የራስን አስተያየት፣ ደራሲውንና ምንጩን የጠቀሰ አጭር ጥቅስ፣ መጽሐፉ የሚሸጥበትን ቦታና ዋጋ፣ የጥበቃ ዘመኑ ያለፈ ሥራ። ባሕር ማዶ ያለው አንባቢ ፒዲኤፍ የሚለምነው ብዙ ጊዜ ከስስት ሳይሆን አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ የሚገዛበት መደብር ስለሌለው ነው። ለእሱ መፍትሔው የተሰረቀ ፋይል አይደለም። የትኛው ሱቅ እንደሚልክ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ማን እንደሆነ፣ ደራሲው ራሱ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ወይም በድምፅ የሚሸጠው የት እንደሆነ የሚነግሩት ሰዎች ያስፈልጉታል። ይህንን ከአንባቢ ቡድን የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ተረት 3፦ «ብዙ ያላነበበ ሰው ገብቶ ያፍራል»

እውነታ፦ የሚያሳፍረው ሳያነቡ ያነበቡ መምሰል ነው። ለውይይት የሚያስፈልገው ለሳምንቱ የተመረጠው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ እሱን ያነበበ ጀማሪ፣ መጽሐፉን ከሃያ ዓመት በፊት አንብቦ ከረሳው ምሁር ይልቅ የሚናገረው አለው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ክብደቱን ያየ ይፈራዋል። በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ይጨርሰዋል። የቡድን ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን መጽሐፍ በየሳምንቱ ቆርሶ ያቀርባል፣ የሰነፈውንም «የት ደረስክ?» ይለዋል።

በዓመት መቶ መጽሐፍ አነበብኩ የሚል ፉክክርም አያስደንግጥ። ኪት ሬይነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ሰፊ የጥናት ዳሰሳ፣ የንባብ ፍጥነት ከተለመደው በብዙ ሲጨምር መረዳት እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ በፍጥነት አንብቦ ሁሉንም መረዳት ይቻላል የሚሉ ሥልጠናዎችም ማስረጃ አልተገኘላቸውም። የአዳም ረታን «የስንብት ቀለማት» መንፈቅ ወስዶ የሚያነብ ሰው ዘገምተኛ አይባልም፤ መጽሐፉ ራሱ እንዲህ እንዲነበብ ይፈልጋል። በ«ዴርቶጋዳ» ወደ ንባብ የገባውንም «ያ መጽሐፍ ነው ወይ?» ብሎ ማሸማቀቅ አንባቢን ከማባረር ሌላ ፋይዳ የለውም።

ተረት 4፦ «መጨረሻው ከተነገረ መጽሐፉ ተበላሸ»

እውነታ፦ ግማሽ እውነት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ የቼኾቭና የአጋታ ክሪስቲ ሥራዎች ያሉባቸውን 12 አጫጭር ታሪኮች ለአንባቢዎች ሰጡ። መጨረሻውን አስቀድመው ያወቁት አንባቢዎች ታሪኩን በአማካይ ይበልጥ ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ። ነገሩ እንደ መጽሐፉና እንደ አንባቢው ይለያያል ማለት ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ገዳዩ ከታወቀ ብዙ ነገሩ ይጎድላል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ፍጻሜውን ከርዕሱ ይጠቁማል፤ በዛብህ ምን እንደሚደርስበት እያወቀ ለሦስተኛ ጊዜ የሚያነበውም ብዙ ነው።

በቡድን ውስጥ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ነው። ገና ያልደረሰ አባል ስለሚኖር፣ ከሳምንቱ ምዕራፍ አልፎ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ያስጠንቅቅ። ቴሌግራም ጽሑፍን ሸፍኖ የፈለገ ብቻ ነክቶ እንዲያነበው የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ለዚህ ነው የተሠራው።

ተረት 5፦ «በስልክ የተነበበ፣ በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ አልተነበበም»

እውነታ፦ ፓብሎ ዴልጋዶና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት ትንተና 54 ጥናቶችንና ከ170,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተ ነበር። ወረቀት ከስክሪን በመረዳት በልጦ ተገኝቷል፤ ብልጫው የታየው ግን መረጃ ሰጪ በሆኑ ጽሑፎች ላይ ነው፤ አንባቢው በሰዓት ሲጣደፍም ይሰፋል። በተራኪ ጽሑፍ፣ ማለትም በልብ ወለድ ዓይነቱ ላይ፣ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ የታሪክ ወይም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ለመወያየት ከተመረጠ የታተመውን መያዝ ይመከራል፤ ለልብ ወለድ ግን ስልኩ ይበቃል።

በጆሮ ስለመስማት ደግሞ ቤዝ ሮጎውስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ። አንድን ጽሑፍ የሰሙት፣ በስክሪን ያነበቡትና ሁለቱንም በአንድ ላይ ያደረጉት ሰዎች ወዲያውም ሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። በታክሲ ወይም በወጥ ቤት ትረካ እያዳመጠ የሚከተል አባል ከውይይቱ የሚታገድበት ምክንያት የለም። የሚቸግረው ገጽ ጠቅሶ መከራከር ብቻ ነው፤ ለእሱም ምዕራፉን መጥራት ይበቃል።

ተረት 6፦ «አስተያየት የማይሰጥ አባል ጥገኛ ነው»

እውነታ፦ ያኮብ ኒልሰን የተባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፈው፣ በኦንላይን ማኅበረሰቦች ከ100 ሰው 90ው ተመልካች፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚናገር፣ 1ዱ ደግሞ አብዛኛውን የሚጽፍ ነው። ቁጥሩ ግምታዊ ቢሆንም የትም የሚታይ ዝንባሌ ነው። ዝም ያለው ሰው ውይይቱን ተከትሎ መጽሐፉን ገዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሌሊት ፈረቃ መልስ የሚያነብ፣ ከአሠሪ ቤት በድብቅ ስልክ የሚከፍትም አለ። «ያልተናገረ ይባረራል» የሚል ሕግ እነዚህን ያስወጣና ለመናገር ብቻ የሚናገሩትን ያስቀራል። ዝምተኛን የሚያናግረው ማስፈራሪያ ሳይሆን ቀላል ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ ምዕራፍ የትኛው ሰው አናደዳችሁ?»

ተረት 7፦ «አባሉ በበዛ ቁጥር ቡድኑ ይሻላል፤ ደንብም አያስፈልገውም»

እውነታ፦ አንድ የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባል ይይዛል። ያን ያህል ሰው ግን አንድ ምዕራፍ ላይ ሊጨዋወት አይችልም፤ የአንዱ ሐሳብ ሳይመለስለት በመቶ መልእክት ተገፍቶ ይጠፋል። ማስታወቂያ ለማሰራጨት ትልቅ ቻናል፣ ለመወያየት ግን አባላቱ በስም የሚተዋወቁበት ትንሽ ቡድን ነው የሚሆነው።

አሠራሩን ከጽዋ ማኅበር ብንማር አናፍርበትም። የጽዋ ማኅበር ተራ አለው፣ ቀን አለው፣ ሙሴ የሚባል ሰብሳቢ አለው፤ ያለ ተራና ያለ ሙሴ የሚዘልቅ የለም። የንባብ ቡድንም እንዲሁ መጽሐፉን በተራ የሚመርጥ አባል፣ የታወቀ የውይይት ምሽት፣ ነገር ሲከር የሚያበርድ ኃላፊ ይፈልጋል። የደራሲ ብሔርና የፖለቲካ ወገን የመጽሐፉን ቦታ ሲወስድ «ወደ ገጹ እንመለስ» የሚል ሰው ከሌለ ቡድኑ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል።

ደንቡ ለደኅንነትም ያስፈልጋል። ስልክ ቁጥርዎን ማንም እንዳያየው በቴሌግራም የግላዊነት ማስተካከያ ውስጥ ይደብቁት። በተለይ ሴቶች አንድ አስተያየት በሰጡ ቁጥር የማይፈልጉት የግል መልእክት ይጎርፍባቸዋል፤ ኃላፊው ይህን የሚያደርገውን አባል ካላስወጣ ዝም የሚሉት እነሱ ናቸው። ስለ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ ገንዘብ በግል የሚጽፍልዎትን ሰውም አይመልሱለት።

ከመግባትዎ በፊት

የቡድኑን ስምና የአባሉን ብዛት ይተዉትና ያለፈውን ሳምንት መልእክት ወደ ላይ እየሳቡ ያንብቡ። ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ አሁን የሚነበበው መጽሐፍ ርዕስ፣ «አልስማማም» ብሎ ምክንያቱን የጻፈ አባል፣ ለዚያም በጨዋነት የተሰጠ መልስ። ሦስቱን ካገኙ ይግቡ፤ የሳምንቱን ምዕራፍ አንብበው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ያገኙት የፋይል ዝርዝር ብቻ ከሆነ ግን ያ መጋዘን ነው። መጋዘን ደግሞ የሚከራከርዎት ሰው የለውም፤ ሌላ ይፈልጉ፣ ካጡም አራት ጓደኛ ጠርተው የራስዎን ይጀምሩ።