ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ የመጠበቅ ዋጋ

በካንሰር ምክንያት የፕሮስቴት ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ስለ ግንኙነት ደፍሮ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ «ነርቭዎ አልተቆረጠም፤ ይታገሡ፣ በራሱ ይመለሳል»። በሙያዬ ከምሰማው ምክር ሁሉ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ የለም፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም። እርግጥ ነው፣ ብልት እንዲቆም የሚያደርገው ነርቭ ሳይቆረጥ ቢተርፍም በቀዶ ሕክምናው ሲነካካና ሲሳብ ይደነዝዛል፤ ለማገገም እስከ 18 ወይም 24 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የሚዘነጋው በእነዚያ ወራት ብልቱ ላይ የሚደርሰው ነው። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ ሳለ ብልቱ በሌሊት ደጋግሞ ይቆማል፤ ኦክስጅን የተሸከመ ደምም በብዛት ይገባለታል። ነርቩ ሲደነዝዝ ይህ ይቋረጣል። በጄሶ እንደታሰረ እጅ ሁሉ የውስጡ ጡንቻ ይመነምናል፤ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል፤ የገባው ደምም ሳይቆይ ያመልጣል። ነርቩ ዘግይቶ ቢነቃ እንኳ የሚታዘዝለት ጡንቻ ላያገኝ ይችላል።

ፓትሪክ ዋልሽ በ1982 በጆንስ ሆፕኪንስ ነርቮቹን ሆን ብሎ ያተረፈውን የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ከሠራ ወዲህ «ነርቩ ተርፏል» የሚለው ቃል እንደ ዋስትና ይቆጠራል። የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምናዎችን ያነጻጸረው፣ ውጤቱ በ2016 የወጣው ፕሮቴክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት የሚያሳየው ሌላ ነው። ከሕክምና በፊት ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ የነበራቸው ከመቶ 67 ነበሩ። ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት መካከል ይህ ቁጥር በስድስት ወር ወደ 12 ወረደ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም 17 ብቻ ነበር። ስድስት ዓመት አጭር ትዕግሥት አይደለም።

ዝም ብሎ መጠበቅ አይበቃም ስል ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከባልደረቦቼ ይመጣል፤ «መድኃኒቱስ መቼ ረዳ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። ብልት እንዲቆም የሚረዱት ክኒኖች፣ ቫርደናፊል በ2008፣ ታዳላፊል በ2014 በታተሙ ትልልቅ ጥናቶች ለዘጠኝ ወር ተሰጥተው ሲቆሙ፣ በየቀኑ የወሰዱት ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተሻለ አልሆኑም። ስለዚህ ክኒን ነርቭ ይጠግናል ብሎ በየማታው ማስዋጥ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን እነዚያው ጥናቶች ሌላም ነገር አሳይተዋል፤ ቫርደናፊልን በሚያስፈልጋቸው ሰዓት የወሰዱት በሚወስዱበት ወቅት ተጠቅመዋል፤ ታዳላፊልን በየቀኑ የወሰዱት ደግሞ የብልታቸው ርዝመት የቀነሰው ባነሰ መጠን ነው። ይህ ክኒኑን ነገን ለመጠገን ሳይሆን ዛሬ ግንኙነት ለማድረግ ተጠቀሙበት እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክኒኑ እምቢ ቢል አይገርምም፤ ለመሥራት የነርቩን መልእክት ይፈልጋልና። በብልቱ ላይ የሚወጋው አልፕሮስታዲል ግን ነርቩን አይጠብቅም፤ ደም ወደ ብልቱ የሚስበው የቫኪዩም ፓምፕም እንዲሁ። ናይትሬት የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክኒኑን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ የመርፌውን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ብልቱ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከቀረም ድንገተኛ ክፍል መሄድ ግድ ነው።

«ዕድሜው ገፍቷል፤ ነፍሱ ከተረፈች ምን ጎደለበት?» የሚለውን ከቤተሰብ እሰማለሁ። ጥያቄውን መመለስ ያለበት ግን ራሱ ባለቤቱ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚጠይቀው የለም። ሳይነገረው የሚቀረውም ብዙ ነው። ብልት ባይቆምም የእርካታ ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ስሜቱን የሚያደርሰው ነርቭ ሌላ ነውና። የዘር ፈሳሽ አይወጣም፤ የሚያመነጩት ዕጢዎች አብረው ወጥተዋል። ይህን ያልሰማ ሰው የመጀመሪያውን ደረቅ እርካታ ሲያይ ወንድነቴ አለቀ ብሎ ይደመድማል። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ የጎረቤት ወሬ ነው። በአገራችን ካንሰር ላልሆነ የፕሮስቴት ማበጥ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እዚያ ዕጢው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ ለመቆም የሚያስፈልጉት ነርቮችም አብዛኛውን ጊዜ አይነኩም፤ ፈሳሹ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ፊኛ ይመለሳል። ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች ሲደባለቁ አንዱ ያለምክንያት ይሸበራል፣ ሌላው ያለምክንያት ይጽናናል።

ስለዚህ ይህ ሁሉ የፈቃድ ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት፣ ባልየው ከፈቀደ ሚስትም ባለችበት፣ በግልጽ መነገር አለበት። ልጅ የሚፈልግ ካለ ዘሩን ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ የሚጠየቀው ያኔ ነው። እሷም የባሏ ዝምታ ከጠባሳና ከፍርሃት እንጂ ፍቅር ከመብረዱ እንዳልመጣ የምታውቀው ያኔ ነው። ንግግሩ ከስድስት ወር በኋላ በቀጠሮ ሲጀመር ብዙዎቹ መኝታ ለይተው ይደርሳሉ፤ ያን ለመመለስ ክኒንም መርፌም አቅም የለውም።