ይድነቃቸው ተሰማ መጀመሪያ አጥቂ ነበሩ

የኛ አገር የኳስ ወዳጅ ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ሲጠየቅ «የካፍ ፕሬዝዳንት የነበሩት» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ያበቃል። ትንሽ አንብቤያለሁ የሚለው የ1954 ዓ.ም.ን የአፍሪካ ዋንጫ በአሠልጣኝነት ማሸነፋቸውን ይጨምራል። አሠልጣኝነታቸውም ሆነ ፕሬዝዳንትነታቸው እውነት ነው፤ ማንም አይክደውም። ሰውየው ግን ሃያ ሦስት ዓመት ማልያ ለብሰው ጎል ሲያገቡ የኖሩ አጥቂ ናቸው። ይህ እንደ ትርፍ ወሬ ሲታለፍ እበሳጫለሁ። በኔ ግምት ዋናው ጎሉ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከሜዳው የመጣ ነው።

ሁሉም የሚያውቀውን ባጭሩ ልበለው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቱ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት። ልጅ ይድነቃቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠኑ፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን እግር ኳስ መሩ፤ ከወንበሩ ሳይወርዱ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። በእንቁጣጣሽ መጥተው በቡሄ ሄዱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጎሉ። የተመዘገበላቸው ይህ ነው፦ ከ1928 እስከ 1950 ዓ.ም. ለቅዱስ ጊዮርጊስ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። በመቶ ጨዋታ ሲታሰብ 87 ጎል ይሆናል። ጎጃም፣ ጅጋ ላይ ቅዳሜ ማታ የእንግሊዝ ኳስ የሚታይበት ቤት ውስጥ ይህን ቁጥር ብናገር፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ያኔ በረኛ ነበር እንዴ?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው መልስ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ሰው በሆዱ የሚያስበው እሱኑ ነውና።

አዎ፣ በረኛ ነበር። ያልነበረው ሌላ ነው። ቢጫና ቀይ ካርድ በዓለም ዋንጫ የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ ነው። የይድነቃቸውን ቁርጭምጭሚት የመታ ተከላካይ የሚፈራው ካርድ አልነበረም፤ ዳኛው ተቆጥቶ ከሜዳ ካላስወጣው በቀር። ተቀያሪ የሚባል ነገርም በዘመኑ የጨዋታ ሕግ አልነበረም። የተመታ ተጫዋች ወይ እያነከሰ ይጨርሳል፣ ወይ ወጥቶ ቡድኑ በአሥር ሰው ይቀራል። ኳሱ ቆዳ ነው፤ አፉ በጠፍር የሚታሰር። ዝናብ ሲጠጣ የራሰ ጋቢ ያህል ይከብዳል፤ በግንባር የመታው ሰው ጠፍሩ ያረፈበትን ቦታ አይረሳውም። ዛሬ በሚያብረቀርቅ ላስቲክ ኳስ ላይ ቆመን «ያኔ ቀላል ነበር» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ሌላም አለ። 365 ጨዋታ ለሃያ ሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት አሥራ ስድስት ያህል ይደርሳል። የዛሬ ታዋቂ አጥቂ በአንድ የውድድር ዓመት ሃምሳ ጨዋታ ያደርጋል፤ ዛሬ ቢስት ከሦስት ቀን በኋላ ይክሳል። በዓመት አሥራ ስድስት ጊዜ ብቻ ሜዳ የሚገባ ሰው ግን የሳተውን ለመካስ ሳምንታት ይጠብቃል። እግሩን የሚያፍታታበት ተከታታይ ጨዋታ ሳይኖረው በገባ ቁጥር ማግባት አለበት። በዚያ ላይ ከሃያ ሦስቱ ዓመት አምስቱ ጠላት አዲስ አበባን የያዘበት ዘመን ነው። እኔን የሚገርመኝ የ318 ብዛት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ዘመን ሳይቋረጥ መቀጠሉ ጭምር ነው።

ስለ አጥቂነት ሌላ የሚያናድደኝ ነገር አለ። እኛ ጋ አጥቂ ማለት በረኛው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰነፍ ነው ይባላል። መኸር ገብቶ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ጅጋ ዳር ባለው ማሳ ላይ ልጆች ሹራባቸውን ጎል አድርገው ሲጫወቱ ቆማችሁ እዩ። ጎል የሚያገባው ልጅ የቆመው አይደለም። የመስመሩ ተጫዋች ኳሱን አቁሞ ቀና ሲል፣ ገና ሳይመታ፣ ሁለት እርምጃ የተነሣው ነው። ተከላካዩ ኳሱን ሲያይ እሱ የተከላካዩን ጀርባ ያያል። ሁለቱ እርምጃ የሚገኘው አስቀድሞ በማሰብ ነው፤ እግር የሚከተለው ዓይንን ነው። ይድነቃቸው ጠረጴዛ ላይም ያደረጉት ይህንኑ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለዚህ ነው ስለ ካርቱም ረዘም አድርጌ የማወራው። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ይድነቃቸው ናቸው። እስቲ ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ። ጫማቸውን የሰቀሉት በ1950 ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት እንደ ጡረተኛ አይደለም፤ ገና ማልያቸውን ያላወለቁ የሠላሳ አምስት ዓመት አጥቂ ሆነው ነው። ብዙዎቻችን በሐሳባችን ሽበታም ባለ ሱፍ ሹም አድርገን እንስላቸዋለን፤ የኋላውን ፎቶ ወደ ፊት ስበን።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ነው የምልከው፣ ቀላቅዬ አልልክም አለች። ሦስቱ አገሮች እንግዲያው ቅሪ አሏት። አራት ሆኖ ሊካሄድ የነበረው ውድድር በሦስት አገር ተካሄደ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት የነበረውን ሳትጫወት ፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያስቆጠረው አድ-ዲባ የሚባል አንድ አጥቂ ነው።

ይህን ውሳኔ የፖለቲካ አቋም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይድነቃቸው ግን ነገሩን የሚያውቁት ከወረቀት አልነበረም። በጣሊያን ዘመን ሀበሻና ነጭ ተነጣጥሎ እንዲኖር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ኳሱም ከዚያ አላመለጠም። ልጁ ይድነቃቸው ጎል ማግባት የተማሩት እንዲህ በተከፈለ ከተማ ውስጥ ነው። ካርቱም ላይ አንድ አገር ተጫዋቾቿን በቀለም ለይቼ እልካለሁ ስትል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቸው መጽሐፍ አላስፈለገም። ፊፋ እንኳ ደቡብ አፍሪካን በ1961 እ.ኤ.አ. አግዶ፣ በ1963 ዕገዳውን አንሥቶ፣ በ1964 መልሶ አግዶ፣ እስኪያባርራት 1976 ደርሷል። ካርቱም ላይ ግን ነገሩ በዚያው ሰሞን ተቆረጠ።

የ1954ቱ ዋንጫ ብዙ ስለተወራለት እኔ አሳጥረዋለሁ። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ የጥምቀቱ ሚካኤል ማግስት፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። አሠልጣኙ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ተጋጣሚ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ ግርማ ተክሌ በ74ኛው፣ ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ። ጭማሪ ሰዓት ላይ ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። «አራት አገር ብቻ የተካፈለበት ዋንጫ» እያሉ ለሚያናንቁ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ማጣሪያ የተጀመረው በዚያ ውድድር ነው፤ በግማሽ ፍጻሜው 2 ለ 0 መርታን ከኋላ ተነሥተን 4 ለ 2 ያሸነፍናት ቱኒዚያ በማጣሪያ አልፋ የመጣች ነበረች። ይልቅ የ117ኛውን ደቂቃ ጎል እዩልኝ። ቡድኑ 3 ለ 2 እየመራ ነው፤ ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ሁሉም ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ኳሱን ወደ ውጭ ምቱ ይላል። ሦስት ደቂቃ ሲቀር አጥቂው አሁንም ግብፅ ጎል አጠገብ ነበረ። አሠልጣኙ አጥቂ የነበረ ቡድን እንዲህ ነው የሚጨርሰው።

ስኮትላንዶች ጂሚ ማክግሮሪ የሚባል አጥቂ ነበራቸው። ለሴልቲክ በአማካይ በጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ያገባ ነው። ኋላም ያንኑ ክለብ ከ1945 እስከ 1965 እ.ኤ.አ. ሃያ ዓመት አሠልጥኗል። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ግን ግላስጎው ውስጥ የሚቀድመው ጎሉ ነው። እኛ ተገልብጠናል፤ ጎሉን ትተን ሹመቱን ያዝን። ለባለሥልጣን ያለን አክብሮት ለኳስ ተጫዋች ካለን ይበልጣል መሰለኝ። አሥራ አምስት ዓመት የአፍሪካን እግር ኳስ መምራት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በወንበሩ ላይ ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ሌሎች ተቀምጠዋል። 318 ጎል የርሳቸው ብቻ ነው።

ጅጋም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሌላ ቦታ ታዳጊ የምታሠለጥኑ ወንድሞቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ልጆቹ የሃላንድን የጎል ብዛት በቃላቸው ይወጡታል፤ ይወጡት፣ ክፋት የለውም። ከልምምድ በፊት ሲሰበሰቡ ግን ይህንንም አስይዟቸው፦ ይድነቃቸው ተሰማ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል። ፕሬዝዳንትነቱን ከዚያ በኋላ ንገሯቸው።