ኪውአር ኮድ ያለ ኔትወርክም ይነበባል

በባሌ፣ በሮቤና በጎባ ሱቆች ባንኮኒ ላይ የሚለጠፈውን ጥቁርና ነጭ ካሬ የማያውቅ የለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ኪውአር ኮድን የሚያውቀው በክፍያ ነው። የፈጠረው የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ መሐንዲስ ማሳሂሮ ሃራ ሲሆን፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውም ለመኪና ዕቃዎች መቆጣጠሪያ ነበር። ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ስለተፈቀደ ዛሬ በስልክ መሥራት ቀላል ነው፤ ነጻ መተግበሪያ ከፍቶ ጽሑፉን ማስገባትና ምስሉን ማስቀመጥ ይበቃል።

እኔን የሚቆጨኝ «ኔትወርክ ከሌለ አይሠራም» የሚለው አባባል ነው። ይሠራል! ነጥቦቹ ራሳቸው ጽሑፍ ናቸው። ካሜራው ነጥቡን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሲተላለፍ ወይም ኮዱ የያዘው የድረ ገጽ አድራሻ ሲሆን ብቻ ነው። ከጎባ ተነሥቶ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና ለሚወርድ መንገደኛ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በዚያ መንገድ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያስረዳ ሰሌዳ ላይ ማብራሪያው ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ፣ ሲግናል በጠፋበትም ይነበባል።

ጎባ ውስጥ የሐረና ማር የሚሸጡ አንዲት እናት በማሩ ዕቃ ላይ ያስለጠፉት ኮድ አልከፈት ብሏቸው አሳዩኝ። «ልጄ፣ ቀኑ አልፎበት ይሆን?» አሉኝ። ኮድ ቀን አያልፍበትም። የእርሳቸው ኮድ የያዘው ያሠሩበትን ድረ ገጽ አድራሻ እንጂ የራሳቸውን ቃል አልነበረም፤ የነጻው ጊዜ ሲያበቃ ድረ ገጹ ዘጋው። ስማቸውን፣ የማሩን አገርና ስልካቸውን በቀጥታ ጽፈን ሌላ ሠራን። ይህን የሚዘጋው ማንም የለም።

ሲጽፉ ግን ቁጥብ ይሁኑ። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ 60 ፊደል 180 ባይት ነው ማለት ነው። ትልቁ ኮድ፣ 177 በ177 ነጥብ ያለው፣ የሚችለው 2953 ባይት ነው፤ 1000 የአማርኛ ፊደል እንኳ አይሞላም። ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ነጥቦቹ እየደቀቁ ካሜራን ያስቸግራሉ። ስምና ስልክ ላይ «ክቡራን ደንበኞቻችን» ብሎ መግቢያ መጨመር ቦታ ማባከን ነው።

ማስዋቡም ልክ አለው። ቀለሙ በነጣ መደብ ላይ ጠቆር ያለ ይሁን። አርማ መሃል ላይ ማስገባት ይቻላል፤ ኮዱ ሲሠራ ከፍተኛው የስህተት ማረሚያ ደረጃ ከተመረጠ 30 በመቶ ገደማ የተበላሸ ኮድ እንኳ ይነበባል። ነገር ግን ያን ሁሉ ለአርማ አትጨርሱት፤ የባሌ ዝናብና ጭቃም ድርሻውን ይወስዳል። ሦስቱን የማዕዘን ካሬዎች በፍጹም አትንኩ። ማተሚያ ቤቶች ደግሞ፣ እባካችሁ ዳር ዳሩን ያለውን ነጭ ክፍት ቦታ አትቁረጡ፤ በአራቱም ጎን የ4 ነጥብ ስፋት ያስፈልገዋል።

ብዙ ከመታተሙ በፊት አንዱን አትሙና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ስካን አድርጉት። የጻፋችሁት ቃል ከመጣ ኮዱ የእናንተ ነው፤ የማታውቁት አድራሻ ከመጣ ግን ሳይታተም እንደገና ይሠራ።