አሮጌ ቤት ሲገዙ በማን ዓይን ያያሉ?

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ሰኮናዋን ሳያነሣ፣ ጥቂትም ሳያስኬዳት ገንዘቡን አይቆጥርም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ቤት ሊገዛ በተነሣ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ያይና የሳሎኑ ቀለም ደስ ካሰኘው ቀብድ ለመስጠት ይቸኩላል። የብዙ ዓመት ደመወዝ፣ የዕቁብ ገንዘብና የባንክ ብድር የሚፈስበት ነገር ከበቅሎ ባነሰ ጥንቃቄ መታየቱ እጅግ ያስገርማል።

እርስዎ ምናልባት ተማሪ ወይም ሥራ የጀመሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነዎትና ቤት መግዛት ገና ሩቅ ሆኖ ይታይዎ ይሆናል። ነገር ግን አባትዎ ወይም ታላቅ እኅትዎ ቤት ሊገዙ ሲነሡ «እስቲ የተማረ ሰው አብሮን ይየው» ብለው መጥራታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ምን ይላሉ?

በአዲስ አበባ ካሉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ይኸውም ቋሚ ተተክሎ፣ ማገር ተማግሮ፣ ከጭድ ጋራ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የተከደነባቸው ናቸው። ጭቃ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ከእርጥበት ከተጠበቀ ዕድሜው ረጅም ነው። ጠላቶቹ ውሃና ምስጥ ናቸው። ቋሚው የጥድ እንጨት ከሆነ ምስጥን በደንብ ይቋቋማል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ቶሎ ይበላል።

ሥራውን የሚያውቅ መርማሪ ስለዚህ ከሳሎኑ አይጀምርም። ቋሚው ከመሬት የሚገናኝበትን ሥፍራ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ ያደርጋል፤ ብረቱ ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል። በግድግዳው ላይ እንደ እርሳስ የቀጠነ የአፈር መሥመር ካየ የምስጥ መንገድ መሆኑን ያውቃል። በቀን ወደ ኮርኒሱ ውስጥ ወጥቶ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን ይገባ እንደ ሆነ ይመለከታል። የልስን ስንጥቅ አያስደነግጠውም፤ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ሰፊ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። በተለይ በቦሌና በአቃቂ በኩል እንዳለው ባለ መረሬ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። መርማሪው ከዚህ በኋላ የኤሌክትሪኩን ሽቦ፣ የውሃውን ቧንቧና የመጸዳጃውን ጉድጓድ ያያል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መርማሪው ማን ይሁን የሚለው ነው። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ነው፤ ሻጩም ጉድለቱን እንዲያወራልዎ አይጠበቅም። እነርሱ የሚያመጡልዎ ባለሙያ ምንም ቅን ቢሆን የእነርሱ እንግዳ ነው። በሌላ በኩል ጥገናውን እኔ እሠራለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገ ግንበኛ ትንሹን ስንጥቅ ገደል ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ መሐንዲስ ወይም የታወቀ ነባር ግንበኛ ራስዎ ይፈልጉ። ክፍያውን አስቀድመው ይቁረጡ፤ ቤቱን ቢገዙትም ቢተዉትም ያው እንደሚከፈለው፣ የጥገናውም ሥራ ለእርሱ እንደማይሰጥ በግልጽ ይንገሩት። ያየውንና ማስጠገኛው የሚያወጣውን ግምት በጽሑፍ ይስጥዎ። ሲመረምርም አብረውት ይገኙ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቀብድ በፊት ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ሰጥቶ ምስጥ ያገኘ ሰው እንግዲህ ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ወይ ገንዘቡን ወይ ምስጡን።

ጊዜውንም ይምረጡ። አሮጌ ቤት ምሥጢሩን የሚያወጣው በክረምት ነው። በሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ቤቱን ያየ ሰው ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም። በጥቅምት ከሄዱ ግን አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቁ።

«ለመርማሪ የምከፍለው ከንቱ ወጪ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ምርመራው አይግዙ ለማለት ብቻ አይደለም። ቆርቆሮው መቀየር፣ ሁለት ቋሚም መተካት እንዳለባቸው በጽሑፍ ከያዙ፣ ሻጩ ያድሰው ወይም ከዋጋው ይቀንስ ብለው በመረጃ ይከራከራሉ። ቤቱ ደህና ሆኖ ቢገኝም ገንዘብዎ አልባከነም፤ በመጀመሪያው የክረምት ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያለ ስጋት ይተኛሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የዐሥር ዓመት ቁጠባ ግን አንድ ጊዜ ከፈሰሰ መልሶ መልቀሙ ቀላል አይደለም።