ማን እያባረረሽ ነው?

በማላውቀው የነገሌ ቦረና መንገድ ላይ ያሳለፍኩት ማለዳና የአባቴ አደራ

ለመስክ ሥራ በወጣሁ ቁጥር ሻንጣዬ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚገባው የሩጫ ጫማዬ ነው። ባለቤቴ ይህን ባየ ቁጥር ይስቅብኛል። «ገበያ ልታጠኚ ነው የምትሄጂው ወይስ ለኦሎምፒክ?» ይለኛል።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። የምሠራበት ድርጅት በየክልሉ አከፋፋዮች ስላሉት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ከአዲስ አበባ እወጣለሁ። ሩጫ የጀመርኩት ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ክብደት ለመቀነስ ነበር፤ አሁን ግን ካልሮጥኩ ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ የመስቀል አደባባይን ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ ጉልበት ሲኖረኝ እንጦጦ እሄዳለሁ። ችግሩ እነዚህን መንገዶች በቃሌ ማወቄ ነው። ዳገቱ የት እንደሚጀምር፣ ውሻው ከየትኛው በር እንደሚወጣ ሳይቀር አውቃለሁ። እግሬ ይሮጣል፤ ሐሳቤ ግን ያላለቀው ሪፖርት ላይ ነው።

የማላውቀው መንገድ እንዲህ አይደለም። ከመታጠፊያው ማዶ ምን እንዳለ ለማየት ስጓጓ ድካሙን እረሳዋለሁ። ይህን ደስታ ከሁሉ በላይ ያገኘሁት ባለፈው ኅዳር ነገሌ ቦረና ላይ ነው።

የአባቴ አደራ

ወደ ነገሌ እንደምሄድ ለአባቴ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ከወጣትነቱ ጥቂት ዓመታትን ያሳለፈው እዚያ ነው። ስለዚያ ዘመን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ አውርቶልን አያውቅም። ልጅ ሳለን ብንጠይቀው «ተውት፣ ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ሬዲዮውን ከፍ ያደርግ ነበር። አሁን ስኳር እግሩን ስለጎዳው በከዘራ ነው የሚራመደው። ከግቢ ከወጣም ሰንብቷል።

«ጠዋት ጠዋት በሰልፍ እንሮጥ ነበር» አለኝ። «ከከተማው ወጥተን ግራሩ ውስጥ እስክንገባ ድረስ። መንገዱ አሁን ምን እንደሚመስል እይልኝ።»

አባቴ ነገር የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ስለዚህ ይህቺን አደራ እንደ ቀላል አላየኋትም።

ከብርድ ወደ ግራር

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሻሸመኔና በሐዋሳ አልፈን፣ የሲዳማን ቡናና እንሰት ተሻግረን ቦሬ ስንደርስ ጉም ተቀበለን፤ ጃኬት ለበስን። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። በወርቅ የሚታወቀው የአዶላ ምድር፣ ክብረ መንግሥት፣ ከዚያም ዋደራ። በእያንዳንዱ ከተማ አንድ አንድ ልብስ እያወለቅን ነገሌ ስንገባ በቲሸርት ቀረን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ነገሌ ደግሞ ከ1,500 ሜትር ዝቅ ትላለች። ለሯጭ ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። ዝቅ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚወፍር በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ከአዲስ አበባው በአሥር በመቶ ገደማ ይበልጣል። ሳንባ ይቀለዋል። በሌላ በኩል ሙቀቱ አለ። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚልክ ልብ እጥፍ ሥራ ይኖርባታል። ታዋቂዎቹ ሯጮቻችን ከበቆጂና ከአሰላ ደጋ የወጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስስ አየር የለመደ ሰው ቆላ ሲወርድ ትንፋሽ ይተርፈዋል። ይህን እያሰብኩ «ነገ እበርራለሁ» ብዬ ተኛሁ።

ሽማግሌው

ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የማረፊያውን ጥበቃ የት የት መሮጥ እንደሚቻል ጠየቅኳቸው። «ጎህ ሳይቀድ አትውጪ፣ ጅብ አለ። በዚህ በኩል ሰው ስለሚበዛ ጥሩ ነው። ከ5 ኪሎ ሜትር አትለፊ» አሉኝ። ሰፊ ሱሪና ረጅም ቲሸርት ለብሼ፣ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ይዤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የከተማ ነበሩ፤ ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች፣ የሻይ ጭስ፣ ባጃጅ። ቤቶቹ ሲሳሱ አፈሩ ቀላ። የሃገያው ዝናብ በቅርቡ ስለዘነበ ሣሩ አረንጓዴ ነበር፣ ግራሩም ቅጠል አውጥቷል። ግመሎች ማንንም ሳያዩ መንገዱን አቋረጡ። ቆሜ አሳለፍኳቸው። አዲስ አበባ ላይ ቀይ መብራት ሲያቆመኝ ሰዓቴን እያየሁ እናደዳለሁ፤ እዚህ ግን ሰዓቱን መመልከትም ረሳሁ።

3 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ በትር የያዙ ሽማግሌ ከፊት ለፊቴ መጡ። ሲያዩኝ ቆሙ። ወደ ኋላዬ ተመለከቱ። እንደገና እኔን አዩና በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። የማውቃት ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማታልፍ «አካም ቡልተን፣ አባባ?» ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ከኋላቸው ፍየል የሚነዳ ልጅ እየሳቀ ተረጎመልኝ፤

«ማን እያባረረሽ ነው? ነው የሚሉሽ።»

«ማንም አላባረረኝም፣ ለጤናዬ ነው የምሮጠው በላቸው።»

ልጁ ነገራቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና መለሱ። «ታዲያ ጤነኛ ከሆንሽ ቀስ ብለሽ ለምን አትሄጂም?»

ሦስታችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን እስከ መጨረሻው አብሮኝ ሮጠ። በገጠር ሰው የሚሮጠው በምክንያት ነው። ከብት ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ትምህርት ቤት ሲረፍድ ይሮጣል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለነበር ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ቲሸርት ገዝተን፣ ተመዝግበን መሮጥን ባህል ያደረግነው በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከተጀመረ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። መኪናና ወንበር አስቀምጠውን ነው ሩጫ ፍለጋ የወጣነው።

ባዶ ጀሪካን፣ ሙሉ ጀሪካን

ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት አሥራ አንድ ዓመት የምትሆን ልጅ ከጎኔ መጣች። ኮንጎ ጫማ አድርጋ፣ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላለች። አላናገረችኝም፤ ዝም ብላ እኩል ትሮጣለች። ጀሪካኑ በየእርምጃው እንደ ከበሮ ይመታል። እኔ ስፈጥን ትፈጥናለች፣ እኔ ስቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች። እኔ አልቦኛል፤ እሷ አፏን እንኳ አልከፈተችም። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ በእጇ ወደ ቀኝ አሳየችኝና ወደ ውሃው ታጠፈች።

ስመለስ ያው መታጠፊያ ላይ አገኘኋት። አሁን ጀሪካኑ ሞልቷል። 20 ሊትር ውሃ ማለት 20 ኪሎ ነው፤ የእኔ ልጅ እንኳ ያን ያህል አትመዝንም። መሮጤን ትቼ አብሬያት ሄድኩ። «ላግዝሽ» ብዬ በምልክት ጠየቅኳት፤ እየሳቀች ሰጠችኝ። ገመዱ ትከሻዬን ቆረጠኝ፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄጄ ቆምኩ። መልሳ አዘለችና ቀድማኝ ሄደች። ያን ጊዜ በእጄ ያለችው የግማሽ ሊትር ውሃ ከበደችኝ።

በዚህ አገር ውሃ ቀልድ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናቡ በተከታታይ አምስት ወቅት ቀርቶ የቦረና አርብቶ አደር መንጋው ሲያልቅበት ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ነገሌም በታሪካችን ስሟ የሚነሳው በውሃ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ የሰፈሩት ወታደሮች የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ምግባቸውም ከፍቶ አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹም አመፁ። ነገሩን እንዲያጣሩ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትንና የሚጠጡትን አቀረቡላቸው። የዚያ ዓመት አብዮት ሲተረክ ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኖ የሚጠቀሰው ይህ የነገሌ አመፅ ነው።

አርባ ደቂቃ

ማረፊያዬ ደርሼ ላቤ ሳይደርቅ ለአባቴ ደወልኩ። ግራሩ እንዳለ ነገርኩት። ግመሎቹን፣ ሽማግሌውን፣ ልጅቷን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«እኛም ስንሮጥ ልጆች ይከተሉን ነበር» አለ። «ከኮዳችን እናጠጣቸዋለን። አለቃችን ይቆጣል። ከእኛ በፊት የነበሩት ግን ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ነግረውን ነበር።»

ከዚያ ወሬው ወሬ እያመጣ ቀጠለ። ቤት ስላከራዩት አሮጊት፣ ስለ ሞተ ጓደኛው፣ ለእናቴ ከነገሌ ይጽፍላት ስለነበረው ደብዳቤ ነገረኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ያልሰማሁትን በአርባ ደቂቃ ሰማሁ። ቁርሴ በረደ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ሌሎች የደቡብ ቆላ መንገዶች

ነገሌ ስትሄዱ ጊዜ ካላችሁ የሊበንን ሜዳ እዩ። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች አንዷ፣ የሊበን ላርክ የምትባለው ትንሽ ወፍ፣ የምትኖረው በዚያ ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ ላይ አትሩጡ፤ ጎጆዋን የምትሠራው መሬት ላይ ነው።

ያቤሎ ደግሞ ለሯጭ የተሠራች ትመስላለች። ከተማዋ ከሞያሌው ዋና አስፋልት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ስለምትል ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገድ ዳር ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝሙ ኩይሳዎች ይታያሉ። ዱብሉቅ ላይ የቦረና ጥልቅ የቱላ ጉድጓዶች አሉ። ሰዎች በተርታ ቆመው እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። ከሜጋ አቅራቢያ ያለው የኤል ሶድ ጉድጓድ ግን የእግር ጉዞ እንጂ የሩጫ ቦታ አይደለም። ጨው ወደሚወጣበት ጥቁር ሐይቅ መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ግን እግሬ እስካሁን አልረሳውም።

ለጉዞ ሯጮች

1. ጠይቁ። የቆላው አካባቢ ፀጥታ ከቦታ ቦታ፣ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል። ከመውጣታችሁ በፊት የማረፊያውን ሰዎች ወይም የሥራ ባልደረቦቻችሁን የት፣ መቼና እስከ የት መሮጥ እንደሚቻል ጠይቁ። «አይሆንም» ካሏችሁ በግቢው ውስጥ ዙሩ።

2. ፀሐይን አትቅደሟት፣ አትጠብቋትም። ጎህ ከቀደደ በኋላ ውጡ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ተመለሱ።

3. የመጀመሪያው ቀን ሩጫ አጭርና ቀስ ያለ ይሁን። ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው በቀናት ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ቁሙ፣ ጥላ ፈልጉ።

4. በአንድ መንገድ ሄዳችሁ በዚያው ተመለሱ። መንገድ አይጠፋችሁም፤ ስትሄዱ ያያችሁ ሰው ስትመለሱም ያውቃችኋል።

5. አለባበሳችሁ የአካባቢውን ሰው የሚያከብር ይሁን። ሰው ስታገኙ ፍጥነት ቀንሱና ሰላም በሉ። ከከብትና ከግመል ፊት አትሩጡ፤ አሳልፏቸው።

6. ሳትጠይቁ ሰው ፎቶ አታንሱ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር ተለውጧል። አባቴ ሐኪሙ በፈቀደለት መጠን በእግሩ እንዲንቀሳቀስ ለሁለት ዓመት ስንለምነው ነበር። አሁን እሁድ እሁድ እኔና እሱ ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ እንሄዳለን። ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ እናርፋለን። በመንገድ ላይ ስለ ነገሌ ያወራልኛል፤ ልጄ ደግሞ ከዘራውን ልትነጥቀው ትሞክራለች።

እኔ አንዳንዴ እግሬ ለምዶበት እፈጥናለሁ። አባቴ ይቆማል። ከዘራውን መሬት ላይ መታ መታ ያደርግና ይጠራኛል፤

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ። ማን እያባረረሽ ነው?»