ድሬ ላይ ሥራ ልትቀይሩ ነው? ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ድሬዳዋ ላይ ሥራ የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ቤትም ይቀይራል። ሳቢያን የሚኖር ሰው ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ "ቤት ልቀይር" ያሰኘዋል። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣማ ቤት ሳይዝ ሥራ መጀመር አይችልም።

ችግሩ የሥራውና የቤቱ ጊዜ አለመግጠሙ ነው። አከራይ ብሩን ዛሬ ይፈልጋል፤ የአዲሱ ሥራ የመጀመሪያ ደመወዝ የሚደርሰው ግን ወር ሲሞላ ነው። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ስለ ሥራው

በግል ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ የሚመለከታችሁ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

1. የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ዝም ብሎ ከቀረ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

2. ስትለቁ ቀሪ ደመወዛችሁና ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ተሰልቶ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈላችሁ ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃም መብታችሁ ነው።

3. የጡረታ አገልግሎታችሁ አይቋረጥም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ለአዲሱ ድርጅት ስጡ።

4. በአዲሱ ሥራ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባላችሁ ያለማስጠንቀቂያ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ።

ስለ ቤቱ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ድሬዳዋንም ይመለከታል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል።

2. የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ያነሰ አይሆንም። አከራይ በየወሩ "ጨምር ወይ ልቀቅ" ማለት አይችልም።

3. ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። "የስድስት ወር አምጡ" ከተባላችሁ ይህን አስታውሱ።

4. ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ደረሰኙን አትጣሉ።

ብዙዎች የማያሰሉት ነገር

በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን ማለት 10 ሳምንት ነው፤ በዓል ከገባበት ደግሞ ይረዝማል። የ2 ወር ቅድሚያ ክፍያ ግን 9 ሳምንት እንኳ አይሞላም። ማለትም የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ የከፈላችሁት ኪራይ ያልቃል። በዚያ መሃል ሥራው ባይሳካ፣ የድሮው ሥራ የለም፣ አዲሱም የለም፣ ኪራዩ ግን ደርሷል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት፦

መጀመሪያ ደመወዙና የሚጀመርበት ቀን የተጻፈበት የቅጥር ደብዳቤ ያዙ። በስልክ "ና ጀምር" ስለተባለ ብቻ መልቀቂያ አታስገቡ።

ቀጥሎ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ የሰጣችሁበትን ቀን የሚያሳይ ኮፒም ይኑራችሁ።

ቤት የምትፈልጉት በእነዚህ 30 ቀናት ውስጥ ነው። ከቅድሚያ ክፍያው ሌላ ቢያንስ የአንድ ወር ኪራይ ለብቻ አስቀምጡ። የደላላውን ክፍያም አትርሱ፤ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ስንት እንደሆነ ተነጋገሩ።

ውል ስትፈርሙ "ሥራዬ ቢቋረጥ እንዴት ነው የምለቀው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የተስማማችሁበትም ውሉ ላይ ይጻፍ። የመብራት ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? ሮቶ አለ ወይ? በድሬ ሙቀት ያለ ቬንትሌተርና ያለ ውሃ መኖር ከባድ ስለሆነ እነዚህም ከኪራዩ ዋጋ ጋር አብረው ይታሰቡ።

አንዳንድ አከራይ ግብር ፈርቶ "ውል ይቅር፣ እንተማመናለን" ይላል። መተማመኑ ጥሩ ነው። ግን ጠብ ሲመጣ የሚያስረዳላችሁ ወረቀቱ ነው፤ ለአከራዩም ቢሆን እንደዚያው።

ሥራ ወይም ቤት ለመቀየር ለሚያስብ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።