ዝናቡ ትልቅ፣ ሻዩ ወፍራም

ቻይናዊ ሻዩ ሲጠነክርበት «ኖንግ» ይለዋል፤ ወፍራም ማለት ነው። ቡና ቤት ተቀምጠን «ወፍራም ይሁን» ብለን የምናዝዝ እኛ ይህን ብንሰማ አይገርመንም። እንግሊዙ ግን ሻይን «ስትሮንግ»፣ ብርቱ ይላል። ወደ ዝናብ ስንመጣ ቻይናዊው «ትልቅ ዝናብ»፣ እንግሊዙ «ከባድ ዝናብ» ነው የሚለው፤ እዚህ ላይ እኛ ወደ እንግሊዙ እንጠጋለን። ነፋስ ሲነሳ ቻይናዊው ያው «ትልቅ» ይለዋል፤ እንግሊዙ ደግሞ ለሻይ ያዋለውን «ስትሮንግ» መልሶ ያመጣዋል።

መንገደኛ እነዚህን ቢያምታታ ብዙም አይጎዳም፤ ሻዩ ይቀርብለታል። በቻይና የትርጉም ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያመለክት ወጣት ግን እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው ወራቱን የሚፈጀው። የሚጠብቀው ፈተና በቁጥሩ «211» ተብሎ ይታወቃል፤ ሙሉ ስሙ «የትርጉም ማስተርስ እንግሊዝኛ» ነው። ስሙ ትርጉም ቢልም በወረቀቱ ላይ ዋናው ሥራ መተርጎም አይደለም። የሚለካው ተፈታኙ እንግሊዝኛን ምን ያህል ከውስጥ እንደሚሰማው ነው።

ዲግሪው በአጭሩ ኤምቲአይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲቋቋም ፈቃድ ያገኙት 15 ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ300 በላይ ሆነዋል። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የቤጂንግ የውጭ ጥናቶች ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አማርኛ ራሱ በትምህርትነት የሚሰጥበት ግቢ። ወደ ዲግሪው የሚገባው በአገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ቻይናውያን «ካኦየን» የሚሉት ይህ ፈተና በየዓመቱ ታኅሣሥ ውስጥ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. ለ2023 ቅበላ በሁሉም የትምህርት ዘርፍ የተመዘገበው ሰው 4.74 ሚሊዮን ነበር።

ለቻይና የትርጉም ነገር የቆየ ቁስል አለው። እ.ኤ.አ. በ1858 ቻይና ተሸንፋ ከእንግሊዝ ጋር የቲያንጂንን ውል ስትፈርም፣ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው የእንግሊዝኛው ቃል ነው የሚል አንቀጽ ገባበት። ቤተ መንግሥቱ ይህን ከተቀበለ በኋላ የጠላቱን ቋንቋ የሚያነብ የራሱ ሰው እንደሚያስፈልገው ገባው፤ በ1862 ቶንግዌን ጓን የተባለውን የቋንቋና የትርጉም ትምህርት ቤት ቤጂንግ ላይ ከፈተ። የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። በአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ ሊገለገሉበት የሚችሉት፣ በጣሊያንኛው ግዴታ የሆነባቸው ያ አንድ ግስ አድዋ ድረስ አድርሶናል። ስለዚህ ስለ ተርጓሚዎች ፈተና ስጽፍ ስለ ቀላል ነገር እየጻፍኩ አይመስለኝም።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የፈተናው መመሪያ ከካኦየን ወረቀቶች አንዱ የሆነውን 211ን በሦስት ይከፍለዋል፤ ቃላትና ሰዋስው 30 ነጥብ፣ ንባብ 40፣ ጽሑፍ 30። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሰዓት፣ በድምሩ ሦስት ሰዓት ነው። ተፈታኙ አይቶ የሚያውቃቸው ቃላት ከ10,000 በላይ፣ አፉና እጁ ላይ ያሉት ደግሞ ከ5,000 በላይ እንዲሆኑ ይጠበቃል። ንባቡ ምርጫም አጭር መልስም አለው፤ ጽሑፉ 400 ቃል ገደማ ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ጥያቄውን የሚያወጣው የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ስለሆነ መልኩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ስሕተት ለይቶ ማረምን ይጨምራል፣ ሌላው ክፍት ቦታ ያለበትን አንቀጽ ያሟሉ ይላል። ተማሪው መጀመሪያ የሚያሳድደውም ያለፉትን ዓመታት የዚያኑ ዩኒቨርሲቲ ወረቀት ነው።

ብዙዎች ዝግጅቱን የሚጀምሩት በመጋቢት ነው፤ ከቃላት። በፊደል ተራ የተደረደረ የቃላት መጽሐፍ ይገዛሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አባንደን» የሚለው ቃል ይጠብቃቸዋል፤ መተው ማለት ነው። ስንቱ ተማሪ ከዚህ ገጽ ሳያልፍ ትቶ፣ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ከዚያው ገጽ እንደሚጀምር ቻይና ውስጥ የሚታወቅ ወግ ነው። አሳታሚዎችም ሰምተው ቃላቱን ከፊደል ተራ አውጥተው የበተኑበት እትም ማሳተም ጀመሩ። እውነትም ይሻላል፤ በፊደል ተራ ተከታትለው የሚመጡ ቃላት መልካቸው ስለሚመሳሰል እርስ በርስ ይምታታሉ።

ክለሳውን ደግሞ በአብዛኛው የሚመሩት በኤቢንግሃውስ የመርሳት መስመር ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የተማሩት ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት፣ ከዚያ በዝግታ እንደሚጠፋ አሳየ። የስልክ መተግበሪያዎቹም ቃሉን በዛሬው ማታ፣ በነገው፣ ከነገ ወዲያ እያሉ መልሰው የሚያመጡት ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ነው። እኔ ግን ተማሪ ቢጠይቀኝ አንድ ነገር አስታውሰዋለሁ፤ ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ የሞከረው ሆን ብሎ ባዘጋጃቸው ትርጉም አልባ ክፍለ ቃላት ነበር። ቃል ግን ዘመድ አለው። «ስትሮንግ»ን ብቻውን የሸመደደ ሰው ሻዩ ላይ ይሳሳታል፤ «ስትሮንግ ቲ» ብሎ በአንድ ትንፋሽ የያዘው አይሳሳትም። የቃላቱ 30 ነጥብ አብዛኛው የሚሄደው በዚህ ክፍተት ነው፤ አራቱም ምርጫ በትርጉም የሚጠጋጋ፣ ከጎኑ ካለው ቃል ጋር የሚስማማው ግን አንዱ ብቻ ሲሆን።

የራስ ቋንቋ እንዴት ሾልኮ እንደሚገባ ማየት ይቻላል። ቻይንኛ «ሱይራን» ብሎ ከጀመረ «ዳንሽ» ብሎ ይቀጥላል፤ እኛ «ምንም እንኳ» ብለን «ቢሆንም» እንደምንለው ማለት ነው። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሻው። «ኦልዞው» ብሎ የጀመረ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩ እኩል ላይ «በት» ከጨመረ፣ እጁን የመራው ቻይንኛው ነው። ሌላም አለ። በቻይንኛ ዕውቀት «ይማሩታል»፤ ተማሪውም «ለርን ኖውሌጅ» ብሎ ይጽፋል፣ መምህሩም በቀይ ያሰምርበታል። እንግሊዙ ዕውቀትን ያገኘዋል እንጂ አይማረውም። እኛ ደግሞ እንደ ንብ እንቀስመዋለን። ሦስት ሕዝብ አንዱን ነገር በሦስት እጅ ይይዘዋል፤ ተርጓሚ የሚባለው የትኛው እጅ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሰዋስውም የራሱ ጣጣ አለው። ቻይንኛ ግሱን ለትናንትና ለነገ አይለውጥም፤ ስሙ ላይ «ቤት» እና «ቤቱ» ብሎ የሚለይ ምልክትም የለውም። ስለዚህ ትንሿ «ዘ» የት እንደምትገባና የት እንደምትቀር ለቻይናዊ ተማሪ የዓመታት ሥራ ናት።

ከዝግጅቱ ሁሉ የምወደው መልሶ መተርጎም የሚሉትን ነው። ተማሪው ከጥሩ የእንግሊዝኛ መጽሔት፣ ለምሳሌ ከዘ ኢኮኖሚስት፣ አንድ አንቀጽ ይመርጣል። ወደ ቻይንኛ ይተረጉመውና ደብተሩን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ሦስት አራት ቀን አልፎ እንግሊዝኛው ከልቡ ሲጠፋ፣ የራሱን ቻይንኛ ብቻ እያየ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን ያኖራል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «ዘ ሬይን ኸልድ ኦፍ አንቲል ኢቭኒንግ» የሚል አለ እንበል። ተማሪው በቻይንኛ «ዝናቡ ማታ ላይ ነው የጣለው» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ትክክል ነው፣ ማንም አይነቅፈውም። ከአራት ቀን በኋላ ሲመልሰው «ኢት ዲድ ኖት ሬይን አንቲል ኢቭኒንግ» ይወጣዋል፤ እስከ ማታ አልዘነበም። ይህም ትክክል ነው። ግን ከመጀመሪያው ጋር ሲያስተያየው አንድ ነገር ጎድሏል። በመጀመሪያው ውስጥ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ሊመጣ ሊመጣ እያለ ራሱን ይዞ ቆይቷል። ሰዎች ልብሳቸውን ከገመድ ያውርዱ አያውርዱ እያሉ አንጋጠው ነበር። ያ ሁሉ «ኸልድ ኦፍ» በምትል ጥንድ ውስጥ ነበር፤ ወደ ቻይንኛ ሲሻገር ወንዙ ውስጥ ቀረ። ተማሪው ጥንዷን በቀለም ያሰምርባታል። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሏን አይረሳትም፤ አጥቷት ያገኛት ናትና። ይህን በቀን አንድ አንቀጽ እያደረገ ስድስት ወር የዘለቀ ሰው፣ ለ400 ቃል ጽሑፉ ሌላ መምህር የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ስድስት ወር መዝለቁ ነው ከባዱ።

ሌላው ልማድ ጠዋት ጠዋት ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ነው። ጎሕ ሲቀድ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ወረቀት የያዙ ተማሪዎች ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ዛፍ ዞረው እንግሊዝኛ ያነበንባሉ። የቆሎ ተማሪ በሌሊት ቀለሙን ሲቀጽል የሰማ ሰው ዜማው ባይገባውም ሥራውን ያውቀዋል። ዓይን ያለፈውን ስሕተት ጆሮ ይይዘዋል።

ያለፈውን ተማሪ «ሻንግ አን» ይሉታል፤ ከውሃው ወጥቶ ዳር ረገጠ ማለት ነው። የወደቀና ለከርሞ የሚመለስ ደግሞ «ኧር ጃን»፣ ሁለተኛውን ጦርነት የሚዋጋ ይባላል። ብዙ ሰው ይመለሳል፤ ነውር የለውም። ተርጓሚው የን ፉ እንኳ አራት ጊዜ ወድቋል። እንግሊዝ አገር የባሕር ኃይል ትምህርት ተምሮ ተመልሶ፣ በአሮጌው የመንግሥት ፈተና አራቴ ተቀምጦ አራቴ አልተሳካለትም። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 የቶማስ ሃክስሊን መጽሐፍ ተርጉሞ ሲያሳትም በመቅድሙ ላይ የትርጉምን ሦስት ጭንቆች አስቀመጠ፤ «ሺን»፣ «ዳ»፣ «ያ»። ታማኝነት፣ መልእክቱን ማድረስ፣ የአገላለጥ ውበት። ዛሬ ትርጉም የሚማር ቻይናዊ ሁሉ እነዚህን ሦስት ቃላት ያውቃል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ። የመግቢያ ፈተናው ጠቅላላ ነጥብ 500 ነው። ፖለቲካ 100፣ እንግሊዝኛ 100፣ ትርጉም 150። የቀረው 150 የቻይንኛ ጽሑፍና ጠቅላላ ዕውቀት ነው፤ ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሕግ የተውጣጡ ስያሜዎችን ማብራራት፣ ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ማርቀቅ፣ 800 ፊደል ያለው ድርሰት መጻፍ። ተርጓሚ ለመሆን ለሚመጣ ሰው የእናቱ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው በአንድ ተኩል እጥፍ ይመዝናል ማለት ነው። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሥራውን ያውቁታል። እንግሊዝኛው የሰላ፣ አማርኛው የሰለለ ተርጓሚ ያረቀቀውን ደብዳቤ ለማንበብ የታገለ ሁሉ ይመሰክራል። የቀኑን ሰዓት ሁሉ ለእንግሊዝኛ ቃላት የሚሰጥ ተማሪም፣ ቻይናዊም ይሁን የእኛ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲደርስ የሚሻገርበትን ዳር ከኋላው እያፈረሰ ነው።

211 የሚሰጠው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት ፖለቲካ ተፈትነው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት። ተፈታኙ ከእስክሪብቶ ጋር ጣት የምታህል ሙጫ ይዞ ይገባል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄውን በታሸገ ፖስታ ነው የሚልከው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ፊት ለፊታቸው ያለው ወረቀት የተለያየ ነው። ፖስታውን ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ይሠራሉ፣ ደወሉ ሲሆን መልሱን መልሰው ከትተው አፉን ራሳቸው በሙጫ ያሽጋሉ። ቻይና ከዳር እስከ ዳር የምትመራው በአንድ ሰዓት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚነሱት። ቤጂንግ ውስጥ ያን ጊዜ ጀንበር ጠልቃለች፤ በስተምዕራብ ርቃ ባለችው ኡሩምቺ ላይ ገና አልጠለቀችም። በሁለቱም ከተማ ተማሪው ከበሩ ወጥቶ ኪሱን ይዳብሳል፤ ነገ ጠዋት የትርጉሙ ወረቀት አለ፣ 30 ስያሜዎች በሁለት ቋንቋ የሚጠየቁበት፣ የቃላት ማስታወሻውም እዚያው ኪሱ ውስጥ ነው።